ዜና ውሃና መብራት በምድረ ጋሞ

ይህ የሚጻፈው ነገር በአርባ ምንጭ የተጀመረው የውሃ ትምህርት ለአገር መብራት ምን እንዳደረገ፣ መብራቱም ወዴት ደርሶ ወዴት እንደ ቀረ ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ እርስዋም ጉምና ዝናብ የማይለያት ደጋ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገዥው ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ ከተማውን ወደ ቆላ አወረዱት። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ምንጮች በሚፈልቁበት ደን አጠገብ አርባ ምንጭ የተባለ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ተባለ።

በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ አዋሽ ቆቃ ላይ ተገድቦ 43 ሜጋ ዋት ኃይል ሰጠ፤ ገንዘቡም ጣልያን ለወረራዋ ከከፈለችው ካሣ የተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የመብራት ዕቅድ ፊቱን ወደ ወንዝ አዞረ።

ንጉሡ ወርደው ደርግ በነገሠ ጊዜ፣ ታላቁ የ1977 ረኃብ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም 1979 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች መስኖን፣ ግድብንና የመጠጥ ውሃን ተማሩ። በዚያ ዘመን ከተሠራው ብዙ ሥራ ይህን አስበልጬ እጽፈዋለሁ። ግድብ በብድር ገንዘብና በውጭ ተቋራጭ ይሠራል፤ የወንዙን ጠባይ የሚያውቅ የአገር ልጅ ግን በብድር አይመጣም። ትምህርት ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከመምህራኑ አንዱ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የቦሎሶ ሶሬ ሰው ነበሩ። ፊንላንድ ተሻግረው በታምፔሬ ተምረው ተመለሱ፤ ዲንም ሆኑ። መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣን ለእርሳቸው ደረሰ። በታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውን የጊቤ ሦስት ግድብ መረቁ። ቁመቱ 243 ሜትር፣ ተርባይኑ 10፣ ኃይሉ 1870 ሜጋ ዋት ነው፤ ከቆቃም ከአርባ እጥፍ በላይ ሆነ። በታችኛው ኦሞ ያሉት የዳሰነችና የካራ ሕዝቦች ግን ጎርፉ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ መሬት ማሽላ የሚዘሩ ናቸውና፣ ወንዙ እንደ ቀድሞው አልሞላ ብሎ ተጎዱ። ይህም ከምረቃው ደስታ ጋር አብሮ ይጻፍ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ የጊቤ ሦስት ውሃ ጎደለ፤ ከአገሪቱም 476 ሜጋ ዋት ታጣ። መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። ይህን ለሕዝብ የነገሩት የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትሩ ዶክተር ስለሺ በቀለ ነበሩ፤ እርሳቸውም ቀድሞ በአርባ ምንጭ ያስተማሩ ናቸው። ግድቡን የመረቀውም፣ የውሃውን መጉደል ያወጀውም የአንድ ትምህርት ቤት ሰው ሆነ።

ጥፋቱ ግን የዝናቡ ብቻ አይደለም። የአገሪቱ መብራት ከመቶ ዘጠና እጁ ያህል በወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአሸጎዳ 120፣ በአዳማ በሁለት ዙር 51ና 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ተተክሏል፤ ከወንዙ ጋር ሲመዘን ግን ጥቂት ነው። ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዝ የሚከሳውም በበጋ ነው፤ ሁለቱ ቢጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሞልተው ሳለ ሥራው መዘግየቱ ያሳዝናል።

በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ ኃይሉም 5150 ሜጋ ዋት ነው። ሕዝቡ ከደመወዙና ከጉሮሮው ቀንሶ የሠራው ነውና ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም መብራትን ለሁሉ ሊያደርስ የቆረጠውም ለዚሁ ጊዜ ነበር፤ ከመቶው 65 እጅ በዋናው መስመር፣ 35 እጅ ደግሞ በፀሐይና ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል ሊያገኝ ታስቦ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ግን ገና በኩራዝና በባትሪ ያመሻል።

በአርባ ምንጭም ሴቶች ከምንጮቹ ደን የማገዶ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ይወጣሉ። ያ ደን የምንጮቹ ጥላ ነው፤ ከተማውም የሚጠጣው ከእነዚያ ምንጮች ነው። በደጋው፣ በዶርዜና በጨንቻ፣ ቆጮ የሚጋገረው በእንጨት እሳት ነው። አምፖል የገባበት ቤት እንኳ ምድጃው አልተለወጠም።

እናንተ የአገር ዕቅድ የምታወጡ ሆይ፣ የሚመጣውን ዕቅድ ስትጽፉ የነፋሱንና የፀሐዩን ድርሻ ከወንዙ ጎን አስፍሩ፤ ከሜጋ ዋቱም ጋር የጋሞን ደጋ ምድጃ ቁጠሩ። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መሐንዲሶች በአርባ ምንጭ አሉ፤ ጠርታችሁ ጠይቋቸው።