ሰፊ ዓይን፣ ጠባብ ጉሮሮ

የኮምፒውተር ታሪክ ሲነገር ስለ ማሽኑ ፍጥነትና ስለ ስክሪኑ ውበት ብዙ ይባላል። ሁለቱን አገናኝቶ ከጠረጴዛ ኋላ አቧራ ለብሶ ስለሚኖረው ኬብል ግን የሚያወሳ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዓይናችን ምን ያህል እንደሚያይ ብዙ ጊዜ የሚወስነው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 የተባሉትን ኮምፒውተሮች ሲያወጣ፣ ቪጂኤ የሚባለውን ባለ 15 እግር መሰኪያ አብሮ አስተዋወቀ። ምስሉ ወርዱ 640፣ ቁመቱ 480 ነጥብ ነበር፤ በሰከንድም 60 ጊዜ ይታደሳል። ቪጂኤ ቀለሙን የሚያደርሰው ከፍና ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ለዚያ ዘመን በቂ ነበር። ነጥቦቹ ሲበዙና ኬብሉ ሲረዝም ግን ሞገዱ ይደክማል፤ የፊደል ጠርዝም ይደበዝዛል። ለእኛ ለግዕዝ ፊደል አንባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናትና።

በ1999 ምስልን በሞገድ ፋንታ በቁጥር የሚያስተላልፈው ዲቪአይ መጣ። የፊደሉ ጠርዝ ጠራ፤ ነገር ግን ቁጥርም ልክ አለው። አንድ ነጠላ የዲቪአይ መስመር በሰከንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 165 ሚሊዮን ነጥብ ነው።

ልኩ የተጋለጠው ብዙም ሳይቆይ ነበር። በ2001 አይቢኤም ቲ220 የተባለውን ባለ 22 ኢንች ስክሪን አወጣ። ወርዱ 3840፣ ቁመቱ 2400፣ በጠቅላላው ከ9 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ያን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ ለማደስ 553 ሚሊዮን ያህል ነጥብ በየሰከንዱ መድረስ አለበት። በአንድ ኬብል ሲሰካ ግን ምስሉ የሚታደሰው በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምስሉን ከፋፍለው በአራት ኬብል አጠጡት፤ ያኔም ቢሆን የደረሰው 41 ላይ ነው። ዓይኑ ከጉሮሮው ቀድሞ ተወለደ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ጉሮሮውን የማስፋት ታሪክ ነው። ኤችዲኤምአይ በ2002፣ ዲስፕሌይፖርት በ2006 ተከተሉ። በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ለ3840 በ2160 ስክሪን በሰከንድ 30 እድሳት ሰጠ። በ2013 የወጣው 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት እያሳለፈ 60 አደረሰው። በ2017 ደግሞ 2.1 ወደ 48 ጊጋቢት ከፍ ብሎ ለ120 በቃ። መሰኪያው ግን መልኩን አልለወጠም። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ፤ የተለየው ውስጡ ነው።

ይህ መመሳሰል እኔንም አታሎኛል። አዲስ ስክሪን ገዝቼ ከአሮጌ ኮምፒውተሬ ጋር በኤችዲኤምአይ ባገናኘሁ ጊዜ፣ ገጹን ባንሸራተትሁ ቁጥር ፊደሉ እየዘለለ አላስነብብ አለኝ። ዓይኔ ደከመ ብዬ መነጽር ልለውጥ ደርሼ ነበር። በኋላ ብመረምረው የኮምፒውተሩ ቀዳዳ የ1.4 ዘመን ነው፤ ከ30 አያልፍም። አጠገቡ ባለው ዲስፕሌይፖርት ብሰካው ወዲያው 60 ሆነ፤ ፊደሉም እንደ ጅረት ፈሰሰ። ስክሪኑ ያው ነው፤ ዓይኔም ያው ነው።

እንግዲህ ስክሪን የሚገዛ ሰው ሦስት በሮችን ይጠይቅ፤ የኮምፒውተሩን ቀዳዳ፣ ኬብሉንና የስክሪኑን ቀዳዳ። ከሦስቱ የጠበበው ለሁሉም ይፈርዳል። ለ3840 በ2160 ስክሪን 60 እድሳት የሚሻ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኤችዲኤምአይ ይበቃዋል፤ 120 የሚሻ ግን «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ኬብል ይፈልግ። ለጽሑፍና ለንባብ 60 የሚበቃው ሰው ለ120 ገንዘቡን አያባክን።

አለዚያ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ላሚቱ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ሳለ፣ ወተቷን ያስቀረው ከኋላ የተሰካው ቀጭን ገመድ ነው።