የስድስት ሰዓት ሥራ በባትል ክሪክ

ሠራተኛ ለቤቱና ለራሱ የሚሆን ጊዜ ይገባዋል ሲባል ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንደ አሠሪው ቸርነት ተቆጥሮ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን እንዲህ ያለው ጊዜ በአንድ ፋብሪካ እንዴት እንደ ተገኘና፥ ከተገኘም በኋላ እንዴት እንደ ጠፋ ነው። ፋብሪካው በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ግዛት፥ በባትል ክሪክ ከተማ የነበረው የኬሎግ የቁርስ እህል ፋብሪካ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1929 የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ሥራ ያጣው ሰው በየከተማው በዛ። ፋብሪካው ቀንና ሌሊት የሚሠራው በሦስት የስምንት ሰዓት ፈረቃ ነበር። ባለቤቱ ደብልዩ ኬ ኬሎግና ፕሬዚዳንቱ ሉዊስ ብራውን ይህን ከዲሴምበር 1 ቀን 1930 ጀምሮ በአራት የስድስት ሰዓት ፈረቃ ተኩት። በዚህም ከቀድሞዎቹ 1,500 ያህል ሠራተኞች በላይ ለ300 ያህል ሰዎች እንጀራ ተገኘ። የሰዓቱ ክፍያ ከመቶ 12 ተኩል ተጨመረ፤ ሆኖም ለምሳሌ በሰዓት አንድ ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው የቀን ገቢው ከ8 ዶላር ወደ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ወረደ ማለት ነው። እንግዲህ ሸክሙን ኩባንያው ብቻ አልተሸከመውም፤ ሠራተኛውም ከኪሱ ከፍሏል። በ1935 ግን ኩባንያው ሥራው ስለ ተቀላጠፈና አደጋም ስለ ቀነሰ፥ ቀድሞ ለስምንት ሰዓት ይከፍለው የነበረውን ለስድስት ሰዓት ለመክፈል እንደ ቻለ አስታወቀ።

በ1932 የአሜሪካ መንግሥት የሴቶች ቢሮ መርማሪዎችን ልኮ ሴቶቹን ሠራተኞች ቢያነጋግር፥ የሚበዙት ገቢያቸው ቢቀንስም ስድስቱን ሰዓት መረጡ። በተገኘችው ሁለት ሰዓት አትክልት ይኰተኰታል፥ ፍራፍሬ ለክረምት በጠርሙስ ይታሸጋል፥ ልጅ ይጠበቃል፥ ወንዱም አደን ይወጣል። ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሕይወት የሚባለው የሚበዛው ይኸው ነው።

ሐሳቡ በባትል ክሪክ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1933 የአሜሪካ ሴኔት የሠላሳ ሰዓት ሳምንት ሕግ 53 ለ30 በሆነ ድምፅ አሳልፎ ነበር፤ ሕጉ ግን በሌላው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። በ1938 በወጣው ሕግ መሠረት የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ1940 ጀምሮ 40 ሰዓት ሆነ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፥ በ1943 ፋብሪካው በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ምክንያት ለጊዜው ወደ ስምንት ሰዓት ተመለሰ። በ1946 ሠራተኞቹ ድምፅ ሲሰጡ ከወንዶቹ ከመቶ 77፥ ከሴቶቹ ከመቶ 87 የሚሆኑት የስድስቱ ሰዓት እንዲመለስ ፈለጉ። ይህን ቍጥር ያየ ሰው ነገሩ ተፈጸመ ይላል። ዳሩ ግን የጡረታና የሕክምና ወጪ በየሰው ቍጥር የሚታሰብ እየሆነ ስለ ሄደ፥ ብዙ ሰው ለአጭር ሰዓት ከመቅጠር ጥቂት ሰው ለረጅም ሰዓት ማሠራት ለኩባንያው ረከሰለት። ወንዶቹም ተጨማሪውን ደመወዝ መመኘት ጀመሩ፤ ከዚህም የባሰው፥ ስድስት ሰዓት መሥራትን የሴት ሥራ ነው እያሉ መናቃቸው ነው። በ1957 እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ድምፅ እንዲወስን ሲፈቀድ፥ የሚበዙት ክፍሎች ወደ ስምንት ሰዓት ሄዱ።

አንዳንዶች የስድስቱን ሰዓት ያጠፋው ኩባንያው ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከኩባንያው ሒሳብ ይልቅ ይህ ንቀት የበለጠ እንደ ጐዳው አምናለሁ። ጊዜው የሁሉም ሠራተኛ ነው ሲባል በ1946 ማንም አልነካውም፤ የሴቶች ነው ከተባለ በኋላ ግን የሚከራከርለት ጥቂት ሆነ።

የቀሩት፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ጸንተው ቆዩ። በመጨረሻ ኩባንያው ሥራውን ወደ ሌላ ስፍራ አዛውራለሁ ብሎ ስላስጠነቀቀ ለስምንቱ ሰዓት እጃቸውን ሰጡ። በፌብሩዋሪ 1985 የመጨረሻው የስድስት ሰዓት ፈረቃ ሲያበቃ፥ ሠራተኞቹ ጥቁር የተቀባ የካርቶን ሬሳ ሣጥን ሠርተው በከተማው መጠጥ ቤት ለቅሶ ተቀመጡ።