የሞንታርቦው ጩኸትና ጀልባ ላይ የተገኘው ልጓም

መቼም ሠርግ ቤት ሄዶ ሞንታርቦ ሲያፏጭ ጆሮውን ያልደፈነ ሰው የለም። ሽማግሌው ሊመርቁ ማይኩን ይዘው ወደ ስፒከሩ ጠጋ ሲሉ ሲጥ ይላል፤ ምርቃቱ ይቋረጣል፤ ዲጄው ይረገማል። ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፤ ማጉያው ያንኑ እንደገና ያጎላዋል፤ በየዙሩ እያበጠ ይሄዳል። እኛ ልናወጋችሁ የፈለግነው ግን ጆሮ ስለማይሰማው የዚህ ጩኸት ወንድም ነው።

ከመካከላችን የአንዱ ቢሮ ምድር ቤት ነው፤ ኔትወርክ አይገባም። ባለሙያ ተጠራና ሪፒተር ተከለ። ኬብል ለመቆጠብ አንዱን አንቴና ከመስኮቱ ውጭ፣ ሌላውን እዚያው ከመስኮቱ ውስጥ ሰቀለው። ስልኮቻችን ሲግናል ሞልተው አሳዩ፤ ጨፈርን። መደወል ግን አልተቻለም። ይባስ ብሎ የጎረቤቶቻችን ስልክ ይቆራረጥ ጀመር። ለካ ሰፈሩን የሚያደነቁር ሞንታርቦ ተክለናል!

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጌይኑ 70 ዴሲቤል የሆነ ሪፒተር የሲግናሉን ኃይል 10 ሚሊዮን ጊዜ ያበዛል። ከወጣው ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ ወደ መግቢያው አንቴና ቢመለስ፣ በየዙሩ 10 እጥፍ እያደገ ይዞራል። በቅጽበት መሣሪያው አቅሙ እስኪያልቅ ይጮሃል፤ ጩኸቱም ወደ ኩባንያው ማማ ይሄዳል። ማማው ደካሞቹን ስልኮች መስማት ያቅተዋል።

ይህ ጣጣ ከሞባይል በጣም ይቀድማል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።) በጥር 1915 ከኒውዮርክ እስከ ሳንፍራንሲስኮ የስልክ መስመር ሲመረቅ፣ ድምፁን መንገድ ላይ እየተቀበሉ የሚያጎሉ የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት። ማጉያው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ጌይኑ ሲበዛ መስመሩ ራሱ ይጮህ ነበር። መሐንዲሶቹ «ዘፈነ» ይሉታል። ሌላም ችግር ነበር፤ እያንዳንዱ ማጉያ ድምፁን ትንሽ ያበላሸዋል። በአንድ ሽቦ ብዙ ንግግር በአንድ ጊዜ ለማሳለፍ ሲፈለግ ደግሞ ብልሽቱ እየተጠራቀመ አንዱ ወሬ ከሌላው ይደባለቃል።

ሃሮልድ ብላክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከዚህ ጋር ዓመታት ታገለ። ነሐሴ 2 ቀን 1927 ጠዋት፣ የ29 ዓመት ሰው ሳለ፣ ወደ ቤል ላብስ ሥራው ሲሄድ የሀድሰንን ወንዝ በሚያሻግረው የላካዋና ጀልባ ላይ ሐሳቡ መጣለት። በእጁ በያዘው ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሥዕሉንና ቀመሩን ጫረ። (እኛ ታክሲ ውስጥ ጋዜጣ ይዘን የምናገኘው እንቅልፍ ብቻ ነው።)

ሐሳቡ ግራ ያጋባል። ማጉያውን ከሚያስፈልገው በላይ ብርቱ አድርገህ ሥራ፤ ከዚያ ከሚወጣው ከፊሉን ገልብጠህ ወደ መግቢያው መልሰህ ራሱን ይቀንሰው። ጉልበት ትጥላለህ፤ ጥራት ታገኛለህ። ጠላት የነበረው መመለስ ሲገለበጥ ልጓም ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲፈተሽ ብልሽቱ 100,000 ጊዜ ቀነሰ። ሰው ግን በቀላሉ አላመነም። በ1928 ያመለከተበት ፓተንት የተሰጠው በ1937 ነው። ብላክ ራሱ እንዳወጋው፣ የእንግሊዝ ፓተንት ቢሮ ያለ ነዳጅ ዘላለም እንደሚዞር ማሽን ቆጥሮበት ነበር።

ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገልብጠህ የመለስከው ሲግናል መንገድ ላይ ከዘገየ እንደገና ይገለበጥና ይጮሃል። መቼ እንደሚጮህና መቼ እንደማይጮህ በሒሳብ የለየው በ1932 ስዊድን የተወለደው ሃሪ ናይኲስት ነው። ለሪፒተር በቀላል አማርኛ ሲመነዘር፦ ጌይኑ ሁለቱን አንቴናዎች ከሚለያያቸው መጠን በታች ይሁን፤ መጠባበቂያም ይተው።

ይህን ለገዢው ትዕግሥት መተው እንደማያዋጣ አሜሪካኖቹ ገባቸውና በ2013 ደንብ አወጡ። ለሸማች የሚሸጥ ሪፒተር ወደ ማማው በሚልክበት አቅጣጫ መጮህ ሲጀምር በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ራሱ አውቆ ጌይኑን ይቀንስ ወይም ይጥፋ፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይታገሥ፤ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ከጮኸ ሰው መጥቶ እስኪያስተካክለው ዝም ይበል ይላል።

የእኛው መሣሪያ እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበረውም። የውጩን አንቴና ጣራ ላይ አወጣነው፤ መካከላቸው ሁለት የኮንክሪት ወለል ገባ፤ ጌይኑንም ቀነስነው። አሁን ስልኮቻችን የሚያሳዩት የሲግናሉን ግማሽ ነው፤ ይደውላሉ። ጎረቤቶቻችንም ሰላምታችንን መመለስ ጀምረዋል።