ፓውዛና ጉርብትና

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የታወጀው በዚያው ዓመት ነበር። እኩዮች ናቸው። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የአንድ ጎረቤቴ ፓውዛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መኝታ ቤቴን እንደ ሠርግ ቤት ያበራዋል። ለሌባ መከላከያ ነው አሉኝ፤ እኔም መጋረጃ ደርቤ ሕግ ማገላበጥ ያዝኩ።

አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት በስም ተጠርተዋል። ብርሃን ግን የለም። አርቃቂው ፈረንሳዊ ሬኔ ዳቪድ ረስተውት አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን እንኳ የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ የአብዛኛው አገር መብራት ኩራዝ ነበር፤ ኩራዝ ደግሞ የራሱን ጓዳ እንኳ በቅጡ አያዳርስም።

ሕጉ የአካባቢው ልማድም ይታይ ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በልማዳችን ብርሃን ከጎረቤት የሚለመን ጸጋ ነው፤ ልጅ ገል ይዞ እሳት ሊጭር የሚላከው ወደ ጎረቤት ደጅ ነበር። ታዲያ በብርሃን ጎረቤት የሚከሰሰው በየትኛው ልማድ ነው?

ቢሆንም የአንቀጹ መነሻ ሰፊ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ፓውዛ ሁከት አይደለም የሚል ዳኛ ቢገኝ ይገርመኛል። የጎደለው ልኩ ነው። ልኩን ደግሞ ከተማ ሊወስነው ይችላል። የአሜሪካዋ ፍላግስታፍ የማስታወቂያ ፓውዛን በደንብ የከለከለችው ገና በ1950 ዓ.ም. ነው፤ እርግጥ ለከዋክብት ተመልካቾች ብላ እንጂ ለሚተኙት አይደለም። ደንቡ ቢወጣ አምፖሉ ይጥፋ ማለት የለበትም፤ በቆርቆሮ ቆብ ተከልሎ ወደ መሬት ከዞረ ግቢውንም ሌባውንም ያሳያል።