የሐበሻ ሽንኩርት፦ በራስ ቆጠራ ወይስ በሚዛን?

ዶሮ ወጥን የሚያወፍረው በዝግታ የተቁላላ ሽንኩርት ነው፤ ልኬቱ ሲያንስ ወጡ ይቀጥናል። ለዚህ የሚመረጠው የሐበሻ ሽንኩርት ከተለመደው ቀይ ሽንኩርት በመጠን ያንሳል፤ ከአንድ ተክል ሥር ብዙ ራሶች ሆኖ ያድጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያዎች “ሻሎት” የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው።

የራሶቹ መጠን እጅግ ስለሚለያይና በአንድ ልጣጭ ውስጥ ሁለት ክፋዮች ሊገኙ ስለሚችሉ በራስ መቁጠር ያሳስታል። አስተማማኙ መንገድ ልጦ መመዘን ነው። ትንንሽ ራሶች ሲላጡ የሚጣለው ስለሚበዛ፣ ሲገዙ ከሚያስፈልገው ጥቂት መጨመር ይገባል።

ሲመረጥ ጠጣር፣ ልጣጩና አንገቱ የደረቀ ይሁን። የበቀለ፣ የለሰለሰ ወይም ሻጋታ የያዘው ይቅር። የተገዛውም አየር በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ እንጂ በፕላስቲክ ከረጢት ታፍኖ አይቀመጥም።