«ቋንቋ የለውም» የተባለው ዘፈን

በበዓሉ ዋዜማ በወጣቶች ግቢ ውስጥ ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት ከአንድ ድምፅ ማጉያ የፈረንጅ ዘፈን ተለቀቀ። ልጆቹ መግቢያውን እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። ከጐኔ የቆመውን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «በምን ቋንቋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ቋንቋ የለውም ጋሼ፤ ዝም ብሎ ድምፅ ነው» አለኝ። ጓደኛው ደግሞ «እስፓኒሽ ነው» ብሎ ተከራከረ።

እስፓኒሽ መባሉስ ስሕተት ነው፤ ይታረማል። «ቋንቋ የለውም» መባሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘፈኑ ስም «ድራጎስትያ ዲን ቴይ» ይባላል። ቋንቋው ሮማንኛ ነው። የዘፈኑት ኦ-ዞን በሚል ስም የታወቁት ሦስት የሞልዶቫ ወጣቶች፣ ማለት ዳን በላን፣ ራዱ ስርቡና አርሴኒ ቶዲራሽ ናቸው። ሞልዶቫ በሮማኒያና በዩክሬን መካከል የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። በ1940 ሶቪየት ኅብረት ግዛቱን ከሮማኒያ ከወሰደ በኋላ የሕዝቡ ቋንቋ «ሞልዶቭኛ» ተባለ፤ በሩሲያ ፊደልም እንዲጻፍ ተደረገ። ከፕሩት ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ዘመዳሞች በአንድ አፍ እየተናገሩ በሁለት ፊደል ይጽፉ ነበር። አንዱ የጻፈውን ደብዳቤ ሌላው ለማንበብ ይቸገራል ማለት ነው። በነሐሴ ወር 1989 ብዙ ሺህ ሕዝብ በዋና ከተማዋ በኪሺነው አደባባይ ተሰብስቦ ቋንቋውንና ፊደሉን ጠየቀ። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን የላቲን ፊደል በሕግ ተመለሰ። ዜማውን የደረሰው በላን የተወለደው በ1979 ስለሆነ በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ የእርሱ እኩዮች ፊደል ሁለት ጊዜ የቆጠሩ ልጆች ናቸው። የቋንቋው ስምም ቢሆን ብዙ ሲያከራክር ኖሮ፣ «ሮማንኛ» ተብሎ በአገሪቱ ሕግ የተጻፈው ገና በ2023 ነው።

ኦ-ዞን በ1999 በኪሺነው ተቋቋመ። በ2002 ሰፊ ገበያ ፍለጋ ወደ ሮማኒያ ተሻገረ፤ ዘፈኑም በ2003 ወጣ። ዓይነቱ ዩሮዳንስ የሚባለው ነው፤ ይኸውም በማሽን ከበሮና በኤሌክትሪክ ፒያኖ የሚሠራ፣ ፈጣን፣ ለመያዝ ቀላል የሆነ የጭፈራ ዜማ ነው። ጀርመኖችና ጣሊያኖች ይህን ዓይነት ሲሠሩ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ያዘፍኑት ነበር፤ ገበያው የሚገኘው በዚያ ነው ተብሎ። እነዚህ ልጆች ግን በእናታቸው ቋንቋ ዘፈኑ። በ2004 ዘፈኑ በጀርመን ለ14 ሳምንት፣ በፈረንሳይ ለ15 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ታዲያ ምን ይላል? አንድ ወጣት ወደሚወዳት ልጅ ይደውላል። ራሱን «ሃይዱክ» ብሎ ያስተዋውቃል። ሃይዱክ ማለት በባልካን ተረትና ዘፈን ውስጥ ጫካ የገባ፣ ሀብታም የሚዘርፍ ጀግና ነው። በእኛ አፍ ሽፍታ ነው፤ ያውም ሕዝብ የሚዘፍንለት ዓይነት ሽፍታ። ይሁንና ይህ ሽፍታ ኪሱ ባዶ ሳይሆን አይቀርም፤ ሚስኮል ማድረጉን ይነግራታልና! ቴይ ደግሞ አበባው የሚያውድ ዛፍ ነው፤ ታላቁ ባለቅኔ ሚሃይ ኤሚኔስኩ በግጥሞቹ ደጋግሞ ያነሣዋል። በአዝማቹ ልጅቱ ልትሄድ ተነሥታለች፤ እርሱን ግን አትወስደውም። ይህን ሐሳብ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ በሚለጠፍበት በዚህ ካምፕ ማብራራት አያስፈልገኝም። ልጆቻችን እየጨፈሩ የሚጮኹት ግን ይህንኑ ነው።

ዘፈኑን ሌሎች እንደገና መዝፈን የጀመሩት ወዲያው ነው። ጣሊያን አገር የምትሠራ ፓውላ ሚትራኬ የምትባል ሮማኒያዊት ቀድማ አወጣችው። በ2004 የጣሊያንን ገበያ አንደኛ ሆና የያዘችው የመጀመሪያዎቹ ዘፋኞች እዚያ ሳይደርሱ ነው። የመድረክ ስሟን እንኳ ከዘፈኑ ወስዳ «ሃይዱቺ»፣ ማለት «ሽፍቶቹ» ተባለች። ስሙ ተስማምቷታል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ልፈርድባት አልቸኩልም። ቃሉን በሮማንኛው እንዳለ ዘፍናዋለችና።

ከእርሷ በኋላ የመጡትን ተመልከቱ። በዚያው በ2004 ብራዚላዊው ላቲኖ በፖርቱጋልኛ «ፌስታ ኖ አፔ» ብሎ በአፓርታማ ውስጥ ስለሚደረግ ግብዣ አደረገው። በስፔን ቀልደኞች አሾፉበት። በ2005 በጃፓን ነገሩ ይባስ ገረመኝ፤ «አለመወሰድ»ን የሚናገረው የሮማንኛ ድምፅ ለጃፓን ጆሮ «መጠጣት» መሰለ። ስለዚህ አዝማቹ ድመቶች በሚጠጡበት የካርቱን ሥዕል ታጅቦ አገር አዳረሰ። ተጥሎ የቀረው ሰው እሮሮ የመጠጥ ቤት ደስታ ሆነ። በ2008 አሜሪካዊው ቲ.አይ. ከሪሃና ጋር «ሊቭ ዩር ላይፍ» በሚለው ዘፈን መግቢያውንና ዜማውን ወስዶ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። በላን ከደራሲዎቹ አንዱ ሆኖ ስሙ ተመዝግቧል፤ ሮማንኛው ግን የለም። በ2024ም ዴቪድ ጌታና ዋንሪፐብሊክ ዜማውን በእንግሊዝኛ ቃል እንደገና አመጡት። ኦ-ዞን ራሱ የተበተነው ገና በ2005 ነበር።

ሰኞ ዕለት ስሞቹን በሰሌዳው ላይ በፊደላችን ጻፍኋቸው። «ዳን በላን» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ «ማንን ጋሼ?» አሉኝ። በላቲን ፊደል ሮማንኛ ለመጻፍ በ«ኤ» ላይ ቆብ መድፋት ግድ ነው፤ ያለዚያ «በ»ን ከ«ባ»፣ «ስ»ን ከ«ሳ» አይለይም። እኛ ዘንድ ሁለቱም ድምፆች በግዕዙና በሳድሱ ተቀምጠዋል። በላን፣ ስርቡ፣ ኪሺነው፤ አንዱም አልተበላሸም። «ቋንቋ የለውም» ያለኝ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «ሃይዱክስ እንዴት ይጻፋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጻፍሁለት። በደብተሩ ገልብጦ በጐኑ «ሽፍታ» ብሎ ጨመረበት።