ትንሹ ልዑል፦ ልጁ ሞተ ወይስ ወደ ቤቱ ተመለሰ?

«ትንሹ ልዑል» (በዕብራይስጥ «ሃናሲኽ ሃካታን») ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍት ይዘውት ከሚገቡት መጻሕፍት አንዱ ነው። ጸሐፊው አንትዋን ደ ሴንት ኤግዚፔሪ ፈረንሳዊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። አገሩ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ አሜሪካ ተሰዶ ጻፈው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ዮርክ ታተመ። መታሰቢያነቱን የሰጠው ለአይሁዳዊ ወዳጁ ለሌዎን ቨርት ነው፤ ቨርት በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር። ወደ ዕብራይስጥ በ1952 አርዬ ለርነር፣ በ1993 ደግሞ ኢላና ሃመርማን ተርጉመውታል። በአማርኛም ተተርጉሟል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ሰሃራ በረሃ ላይ የተበላሸበት አብራሪ ከአንዲት ትንሽ ኮከብ የመጣ ልጅ ያገኛል። ልጁ የሚወዳትን ጽጌረዳ ትቶ ወጥቶ፣ በየኮከቡ ሲዞር ንጉሥ፣ ነጋዴ፣ ሰካራም፣ መብራት አብሪ አይቷል። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲል በእባብ ይነደፋል።

መጽሐፉ ገና እንደ ወጣ ለልጅ ይሁን ለአዋቂ ብዙዎችን ግራ አጋብቷል። የ«ሜሪ ፖፒንስ» ደራሲ ፒ. ኤል. ትራቨርስ ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ ጽፋ ደግፋዋለች። እኔ ግን ላወራችሁ የፈለግሁት እዚህ ረሆቮት፣ ከወላጆችና ከልጆች ጋር ስናነበው ስለ ሰማሁት ነው። (የሰው ምሥጢር ስለማላወጣ ስምም ቤትም አልጠራም።)

ሽማግሌዎቻችን ቶሎ የሚወዱት ክፍል ልጆቹ ዝም ብለው የሚያልፉት ነው። አንድ የቱርክ ሊቅ የልጁን ኮከብ አግኝቶ በጉባኤ ላይ ቢያስረዳ፣ በአገሩ ልብስ ስለ ቀረበ ማንም አላመነውም። ከዓመታት በኋላ የአውሮፓ ልብስ ለብሶ ያንኑ ነገር ሲናገር ሁሉም ተቀበለው። ነጠላ ለብሶ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ይህን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም። ቀበሮዋ ግን አታስማማንም። እኛ «የቀበሮ ባሕታዊ» ስንል ያደግን ሰዎች ነን፤ እዚህ ግን ቀበሮዋ ስለ ወዳጅነት ታስተምራለች። አንድ አባት እስከ መጨረሻው መቼ እንደምትከዳው ሲጠባበቁ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ቀበሮዋን ከሁሉ አስበልጠው ይወዷታል።

በረሃውም እንዲሁ ነው። ለልጆች ሥዕል ነው። በእግር ወደ ሱዳን ለተጓዙ ወላጆች ግን አብራሪው ውሃ ሲያልቅበትና ጉድጓድ ፍለጋ ሌሊቱን ሲሄዱ ተረትነቱ ያበቃል።

ትልቁ ልዩነት መጨረሻው ላይ ነው። ልጁ ሥጋው ሩቅ መንገድ ለመሄድ እንደሚከብደው፣ የሞተ ቢመስልም እንዳልሞተ ለወዳጁ ይነግረዋል። ጠዋት ሬሳው አልተገኘም። ትንንሾቹ «ሄደ» ይላሉ፣ ታላላቆቹ «ሞተ» ይላሉ። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ መጽሐፉን ዘግተው «ይህ ለልጅ አይነበብም» ይላሉ። ይህን ሲሉ አላዋቂ ሆነው አይደለም። በእኛ ባህል ሞት በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ መርዶ ይነገራል። እዚህ አገር ባለሙያዎች ለልጅ ወዲያውኑና በግልጽ ይነገር ስለሚሉ ከቤተሰቦች ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተናል።

በእኔ አስተያየት መርዶ ማቆየት እንጂ መደበቅ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ይነገራል። በብዙ ቤት ግን ቀኑ አልደረሰም። ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በሱዳን ካምፖች፣ በተለይ በ1984 በኡም ራኩባ፣ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4000 ይገመታሉ። እዚህ ተወልዶ ካደገ በኋላ፣ አጎት ወይም አክስት እንደ ነበረው ከሌላ ሰው የሰማ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ልጅዎ «ሞተ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅዎ መጽሐፉን አይዝጉበት። መጀመሪያ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ይበሉት። ለትንሽ ልጅ ይህ ለዚያ ቀን ይበቃል። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ከሆነና በቤትዎ ያልተነገረ ሞት ካለ፣ አያት ወይም ታላቅ ዘመድ ባሉበት፣ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት። ከመኝታ ሰዓት በፊት ግን አይሁን።

ታላላቆቹ ስለ ጸሐፊውም ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1944 ከኮርሲካ ለቅኝት በረረ፣ አልተመለሰም። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ በ2000 ማርሴይ አጠገብ ባሕር ውስጥ ተገኘ፤ የእርሱ መሆኑ በ2004 ተረጋገጠ። መቃብሩ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም። መቃብራቸው ላልታወቀ የእኛ ሰዎች በ2007 በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሟል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ በዚያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል።